ከእናት ወገን

የሚልካን ክፍል በር ገፋ ሳደርግ ቦንቱ ጆሮዋን በልጄ ደረት ላይ ለጥፋ አገኘኋት። ልጅቷ በጀርባዋ ተዘርራ ተኝታለች፤ ብርድ ልብሱ እስከ ወገቧ ወርዷል። ቦንቱ አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፋለች፤ እየቆጠረች ነበር። ኮቴዬን ስትሰማ ብድግ አለችና ሻሿን እያስተካከለች «እንዴት አደሩ፣ እትዬ ዘርፉ» አለችኝ። እግዜር ይመስገን አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ትናንት ማምሻውን አንድ ፌስታል ፓፓያ አንጠልጥላ ከወለንጪቲ መጥታ፣ ሳሎን ፍራሽ አንጥፌላት ነበር። ከሳሎን ተነስታ፣ በባዶ እግሯ፣ እኔን ሳትቀሰቅስ እዚህ ድረስ መምጣቷ ነው አንጀቴን ያቃጠለው። ያቺን ልጅ ስምንት ዓመት ሳሳድግ፣ ትኩሳቷን በእጄ ለክቻለሁ፣ ሆዷን አሽቻለሁ፤ ጆሮዬን ግን ደረቷ ላይ አድርጌ አላውቅም። ለምን አላደረግኩም ብዬ ራሴን ስጠይቅ ይብስ ተናደድኩ።

ምን አስደበቀኝ፣ ቅናት ነው። ሚልካን የወለደቻት ቦንቱ ናት። ባለቤቴ ገርባ የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከወር ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነው። ቦንቱ የታናሽ ወንድሙ የኢፋ ሚስት ናት። እኔ ልጅ እምቢ ሲለኝ፣ እነሱ በአገሩ ወግ፣ በጉዲፈቻ፣ የበኩር ልጃቸውን በሦስት ወሯ ሰጡን። ሽማግሌው ኦቦ ሰንበታ ወለንጪቲ ግቢያቸው ውስጥ ሁለታችንን አቁመው አስማሉን። ቦንቱን የእኔ ናት እንዳትል፣ እኔን አልወለድኳትም እንዳልል። በጉዲፈቻ ልጅ የአሳዳጊው ነው፣ አለቀ፤ ዘር ሲቆጥር እንኳን በአሳዳጊው ነው የሚቆጥረው። ብዙ ሰው ልጁ ነፍስ ሲያውቅ ይነግረዋል። እኔ ግን ለሚልካ እንዳይነገራት ገርባን ለመንኩት፣ እሱም ተወልኝ። ስለዚህ ሚልካ ቦንቱን አክስቴ ነው የምትላት። ቦንቱ ከዚያ ወዲህ ሦስት ወንዶች ወልዳለች፤ በወለደች ቁጥር የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዤ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ በተመለስኩ ቁጥርም ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ነው አዳማ የምገባው። ልጅ አላት፣ ሦስት አላት፣ ታዲያ የኔዋን ምን ታያታለች እላለሁ።

የልብ ነገር የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ቅዳሜ በትምህርት ቤቶች መካከል ሩጫ አለ፤ ሚልካ ከሁለተኛ ክፍል ተመርጣለች። ሩጫ ስል ዝም ብሎ ሩጫ አይደለም፣ ወንዶቹን ሁሉ ጥላ ነው የምትገባው፤ ከሱቅ ጨው አምጪ ብላችሁ ብትልኳት በሩጫ ሄዳ በሩጫ ነው የምትመጣው። ተመራጮቹን የመረመረችው ነርስ «ልቧ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል» ብላ ወረቀት ላከችልኝ። ሰኞ ዕለት ስፌቴን ጣጥዬ ፍራንኮ አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ፣ የመቶ ሃያ ልጅ ሱሪ ተቆርጦ ይጠብቀኛል፤ ግን ማን ስለ ሱሪ ያስባል። ዶክተር ማናሴ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ሐኪም ልቧን አዳመጠና፣ ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። ወንድሜ ዲበኩሉ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መልካሳ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ወደቀ፣ በዚያው አልተነሳም። ሐኪሙ ብዕሩን ያዝ አደረገ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ «ከእናት ወገን፣ አጎት» ብሎ ጻፈ። አልዋሸሁትም፤ እንደማልኩት ነው የመለስኩት። እናቷ ማን ነው ብትሉኝ እኔ ነኝ፣ ወንድሜም አጎቷ ነው። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ከእናት ወገን ብሎ ሲጽፍ ውስጤን ደስ አለው። በሽታም ይሁን ሌላ፣ ልጄ ከኔ ቤት አንድ ነገር ወረሰች ማለት ነው። አይ እኔ። ሐሙስ ለዋናው ምርመራ ኑ ተባልን። ገርባ ለወንድሙ ደውሎ ነገረው መሰለኝ፣ ቦንቱ ሳትጠራ ከተፍ አለች።

ቁርስ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም። እኔ ዳቦውን ቆረስኩ፣ እሷ ፓፓያውን ላጠች። ወለንጪቲ ላይ ፓፓያ በኪሎ ስንት ገባ አልኳት፣ ነገረችኝ። እዚህ እጥፍ ነው አልኳት። ሚልካ በመሃላችን ተቀምጣ ሁለታችንንም እያየች ትበላለች። ቦንቱ ዘሩን በጥፍሯ ፈልፍላ አውጥታ ቁራሹን ስትሰጣት፣ ልጅቷ ያለ ምንም ማንገራገር ጎረሰች። እኔ የሰጠኋትን ፓፓያ ይሸተኛል ብላ የምትመልስ ልጅ ናት። ጥርሴን ነክሼ ሻይ ቀዳሁ።

ከሰፈራችን ከመብራት ኃይል ፍራንኮ ድረስ ባጃጅ ኮንትራት ያዝን። ሹፌሩ ልጅ መቶ ሃምሳ አለ፣ መቶ ላይ ተስማማን። ያ የአዳማ ነፋስ ጠዋት ጀምሮት አቧራውን እያዞረ ያመጣል፤ ሸራውን ብናወርደውም ጥርሳችን መሃል አሸዋ ገባ። ሚልካ መሃል ተቀምጣለች። ከቦንቱ ጋር በኦሮምኛ ማውራት ትወዳለች። እኔ ገበያ ላይ እገዛበታለሁ፣ እሸጥበታለሁ፤ እነሱ ግን ፈጠን አድርገው ሲያወሩት፣ ሲሳሳቁበት፣ ግማሹ ያመልጠኛል። የቦንቱ ጆሮ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፣ የሚልካም እንደዚያው። ይህን ጆሮ ለመሸፈን ስንት ዓመት ሹሩባ ስሠራላት ኖሬያለሁ፤ ሰው አይቶ እንዳይናገር። ዛሬ ቦንቱ ጠዋት ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ አስራላታለች። ምን ይባላል ታዲያ፤ ፈትቼ ልሥራ አልል። መንገዱን አየሁ።

ክሊኒኩ ሰው ሞልቶታል። ካርድ አወጣሁ፣ የልብ ምርመራውን ከፈልኩ፣ ቦንቱ ከመቀነቷ ብር ልታወጣ ስትል እጇን ያዝኩት። እንኳን ለልብ፣ ለእግር ጥፍሯም የምከፍለው እኔ ነኝ። ተራችን ሲደርስ ሦስታችንም ገባን። ሚልካን አልጋ ላይ አስተኟት፣ ደረቷና እጅ እግሯ ላይ ገመድ ለጠፉባት፣ ጣቷ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ነገር አደረጉላት። ከራስጌዋ ትንሽ ስክሪን አለ፤ ቁጥር ይወጣበታል። መቶ አሥራ ሁለት ይላል። እጇን ያዝኩላት። አይዞሽ፣ አያምም፣ አይዞሽ እላለሁ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ዶክተር ማናሴ ወረቀቱን እየጎተተ ሲያስረዳን ለሚልካም እንዲገባት አድርጎ ነበር። ልብ በራሷ ትመታለች፤ ግን ከአንጎል የሚወርዱ ሁለት ዓይነት ነርቮች አሉ፣ አንዱ እንደ ባጃጅ ነዳጅ ያፈጥናታል፣ ሌላው እንደ ፍሬን ይይዛታል አለ። ሕፃን ሲወለድ ነዳጁ አለ፣ ፍሬኑ ግን ገና ደካማ ነው፤ ለዚህ ነው የአራስ ልጅ ልብ በደቂቃ መቶ አርባ የምትመታው። ፍሬኑ ልጁ ሲያድግ በየዓመቱ ይጠነክራል፣ ልብም እየረጋች ትመጣለች። በሚልካ ዕድሜ ፍሬኑ ደህና አድርጎ ስለሚሠራ፣ አየር ስታስገባ ለቀቅ ያደርጋል፣ ስታስወጣ ያዝ ያደርጋል፤ ነርሷ የሰማችው ይህንኑ ነው። «ትንፋሿን እየተከተለ ነው የሚፈጥነውና የሚዘገየው፤ በልጅ ላይ የጤና ምልክት ነው» አለ። ሚልካን በደንብ ሳቢ፣ አሁን ቀስ ብለሽ አስወጪ እያለ አሳየን፤ እውነትም የማሽኑ ድምፅ ጠጋ ጠጋ ይልና ራቅ ራቅ ይላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበርኩ። በሦስት ወሯ ነው የተረከብኳት። ያኔ መቶ አርባ ነበረች ማለት ነው። ያ ፍሬን የሚሉት ነገር እንግዲህ የት አደገ? እኔ ቤት፣ እኔ ጉያ ውስጥ፣ በኔ ገንፎና በኔ እሹሩሩ። ቀና ብዬ ቦንቱን አየኋት፤ ሰማሽ ወይ እንደማለት። እሷ ግን እኔን አታይም፣ የልጅቷን እግር ነው የምታየው።

ከዚያ ሐኪሙ እስክትረጋ ትንሽ እንጠብቅ፣ ሰው ቀይሩላት እስቲ አለ። ቀይሩላት ነው ያለው። እጄን ለቀቅኩ፣ ቦንቱ በኔ ቦታ ቆመች። የሚልካን እጅ በሁለት መዳፏ መሃል አደረገችና «ሂን ሶዳቲን» አለቻት፣ አትፍሪ ማለት ነው፤ ሌላ አልጨመረችም። ዝም ብላ ትተነፍሳለች። መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ አራት፣ ዘጠና ስድስት፣ ሰማንያ ስድስት። ወይ ጉድ። ሰው ልጁ በማን እንደምትጽናና በቁጥር ተጽፎ ሲያይ ምን ይሆናል? እኔ የሆንኩትን ልንገራችሁ፦ ያቺን ሴት ከዚያ ክፍል አንጠልጥዬ ባወጣት ደስ ባለኝ። ሐኪሙ ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ልጅ አጠገቡ ያለውን ሰው ትንፋሽ ይከተላል፣ እርስዎ ስለተጨነቁ ነው አለኝ። ልክ ነው፣ ተጨንቄያለሁ። ታዲያ ማን ይጨነቅላት?

ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው። ከዚያ ከወረቀቱ ብቻ ቢሆን ደህና ናት ብዬ ሸኝቻት ነበር አለ። አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ትንሽ ረዘም ያለ ይመስላል፣ በሌላ ልጅ ቢሆን ምንም አልለውም። ግን አጎቷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሜዳ ላይ ወድቆ ሞቷል፤ እንዲህ ያለው ነገር በዘር ይወረሳል፣ ስለዚህ ሊያልፈው አይችልም። የቅዳሜው ሩጫ አይታሰብም፤ ከዚያም በኋላ ሩጫ የሚባል የለም። አዲስ አበባ ይልካታል፣ ወረፋው ሦስት አራት ወር ነው። እስከዚያ ልብ የሚያዘገይ ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች፤ ያደክማታል፣ ትምህርትም ላይ ያፈዛታል፣ ግን ምርጫ የለም። ምናልባትም ዕድሜ ልኳን ይሆናል። ሚልካ ገመዱ እንደተለጠፈባት አንገቷን አዙራ አየችኝ። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ ትራሱ ይወርዳል።

ቦንቱም አየችኝ። ዲበኩሉ የኔ ወንድም መሆኑን ታውቃለች፤ ሞቱን ስትሰማ አልቅሳለታለች። ሚልካ ከሱ ጋር የደም ጠብታ እንደማትጋራ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ቃል ብትናገር ያልቃል። አልተናገረችም። አፏን ገጥማ፣ የልጅቷን እጅ እንደያዘች፣ እኔን ብቻ ታያለች። ያኔ ገባኝ፤ መሐላዋን ይዛ እኔን እየጠበቀች ነው። ሐኪሙ የሪፈሩን ወረቀት ስቦ ስሟን መጻፍ ጀመረ። ሚልካ ገርባ ብሎ ጻፈ። ዝም ብል ልጄ ናት፣ የወንድሜን ልብ የወረሰች የራሴ ልጅ፤ ክኒኗን ጠዋት ጠዋት በእጄ አጎርሳታለሁ፣ አዲስ አበባ እኔ ነኝ ይዣት የምመላለሰው፣ ማንም አይነጥቀኝም። ይህን አሰብኩ፣ አልክድም። ክኒኑን ውጣ፣ በር ላይ ተቀምጣ፣ ሌሎች ልጆች ሲሮጡ ስታይም ታየኝ። ሚልካ ደጅ ትውጣና ልንገረው ብዬ ነበር። ግን ገመዱ ገና አልተፈታላትም፤ ተፈትቶላት እስክትወጣ ብጠብቅ ደግሞ እንደማልናገር ራሴን አውቀዋለሁ።

«ዶክተር፣ አይጻፉ» አልኩት። «የሞተው ወንድሜ ነው። እሷን ግን አልወለድኳትም። የወለደቻት ይህቺ ናት።»

ብዕሩ ቆመ። ሐኪሙ እኔን አየ፣ ቦንቱን አየ። ቦንቱ ከግንባሯ እስከ ከንፈሯ አመድ መሰለች። ልጅቷን የወለዱት እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቃት። ቦንቱ የሚልካን እጅ ቀስ ብላ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሐኪሙን ፊት ለፊት አይታ «አይደለሁም። እናቷ እሳቸው ናቸው» አለችው።

ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ትነጥቀኛለች ብዬ የፈራኋት ሴት ይቺ ናት። ልጇ ዓይኗ ሥር ተኝታ፣ ይገባኛል ለማለት ከዚህ የተሻለ ቀን አታገኝም፤ እሷ ግን ካደች። ከፍርሃትም አይደለም፣ ስለማለች ነው። እኔ በሷ ቦታ ብሆን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መሐላ የሚባል ነገር ትዝም አይለኝም ነበር። ሐኪሙ ማንን ልመን አለ፤ ስንት ዓመት ስሠራ ሁለት ሴቶች እኔ አይደለሁም ያሉባት ልጅ አላየሁም አለ። ወደ ቦንቱ ዞርኩ። በጉዲፈቻ እንደወሰድኳት፣ በሦስት ወሯ እንደሆነ፣ እንዳስማሉን፣ መሐላውን ያፈረስኩት እኔ እንደሆንኩና ጣጣው ካለ እኔ ላይ እንዲሆን፣ ሁሉንም እዚያው ተናገርኩ። «ልጅቷ ክኒን ልትውጥ ነው፣ ቦንቱ። ንገሪው» አልኳት። ቦንቱ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለሚጠይቃት ሁሉ መለሰች። በሷ ቤት በወጣትነቱ የሞተ የለም፣ ራሱን ስቶ የወደቀ የለም። አባቷ በሰማንያ ዓመታቸው አሁንም ማሳ ይወርዳሉ። በኢፋም በኩል እንደዚያው። ሐኪሙ ወረቀቱን እንደገና አየ፣ ሚልካን አስነስቶ አስቀምጦ አዳመጠ፣ የጀመረውን ሪፈር ቀደደው። ልብዋ ጤነኛ ናት፣ ቅዳሜ ትሩጥ፣ በዓመቱ አምጧትና ልያት አለ። ከዚያ ለኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ የዘር ጥያቄ ስንጠይቅ የደም ነው የምንጠይቀው፣ ሌላ ጊዜ ይህን ይንገሩን አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚልካ ሁሉንም ሰምታለች። ነርሷ ገመዱን ነቀለችላት፣ የተጣበቀውን ጠረገችላት። ካናቴራዋን አለበስኳት፣ እጇን በእጅጌው አስገባሁላት፤ እንደ ጨቅላ እጇን ሰጥታኝ ለበሰች። ደጅ ወጥተን አጥሩ ጥግ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ቆምን። ነፋሱ ቅጠሉን ያንኳኳል፣ ባጃጆቹ ይጣራሉ፣ ሦስታችንም ወዴት እንደምንሄድ አናውቅም። ቦንቱ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ እኔ አላፈረስኩም፣ እርስዎ ነዎት ያፈረሱት፣ እኔ አላፈረስኩም ትላለች፣ ደጋግማ። አውቃለሁ አልኳት። ለኦቦ ሰንበታ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ሚልካ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አሰረች፣ ፈታች፣ ደግማ አሰረች። ከዚያ ቀና ብላ ቦንቱን በአማርኛ ጠየቀቻት። እኔ እንድሰማ ብላ ይሁን አይሁን አላውቅም።

«ለምን ሰጠሽኝ?»

መልሷን እኔም ልሰማው ፈልጌ ነበር፤ ከልጅቷ እኩል ፈልጌ ነበር። ስምንት ዓመት ለራሴ የነገርኩት ልጅ ነበረች፣ ሌላ ትወልዳለች፣ አልከበዳትም የሚል ነው። ቦንቱ የሚልካን ትከሻ አቧራ አራገፈች፣ ያልነበረ አቧራ።

«እትዬ ዘርፉ ቤታችን መጥተው ሲያለቅሱ፣ ማየት አቃተኝ» አለች።

ሚልካ ይህን ሰምታ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ የሂሳብ ጥያቄ ሲከብዳት እንደምታየኝ ነው ያየችኝ።

«አንቺስ እሷ ስታለቅስ አላየሻትም?»

አላየሁም ማለት እችል ነበር። ቦንቱ መቼም አታጋልጠኝም፤ ሐኪሙ ፊት ገጥማው ያየሁት አፏ ዕድሜ ልኳን እንደተገጠመ ይኖራል። ልጅቷ ግን ትጠብቃለች።

«አይቻታለሁ» አልኳት። «አንቺን አዳማ ያደረሰችሽ ቀን በራችን ላይ ቆማ ነበር፣ ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሶ። ተመልሳ እንዳትገባ ብዬ በሩን ቆለፍኩት።»